ጨው ያማራቸው ቀይ ሥሮች

ጥሩወርቅ ወደ ጓሮው ከመግባቷ በፊት እንደ ሁልጊዜው ላቧን ታጠበች። በደብረ ጨረቃ ይህ ማንንም አያስገርምም። በምድር ላይ ሰው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲገባ ጫማውን እንደሚያወልቀው ሁሉ፣ እዚህ ወደ አትክልት የሚገባ ሰው በር ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ቆሞ ለብ ያለ እንፋሎት ከራሱ እስከ እግሩ እስኪወርድበት ይጠብቃል። ከዚያ ግንባሩን በጨርቅ ያስራል፣ እስከ ክርኑ የሚደርስ ጓንት ያጠልቃል። አንድ ጠብታ ላብ አፈሩ ላይ ማንጠባጠብ ነውር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ አዲስ ሠራተኛ መደቡ ላይ አስነጥሶ፣ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ተረስቶ እስከ ዛሬ «ንጥሻ» እየተባለ ይጠራል።

ከተማዋ የተሠራችው በጨረቃ ሆድ ውስጥ፣ በጥንት ዘመን የቀለጠ ድንጋይ እንደ ወንዝ ፈስሶ ባለፈበት ረጅም ዋሻ ነው። ስድስት መቶ ሰው ይኖርባታል። አየሩም ብርሃኑም እዚያው ይመረታል፤ ውሃውም እየተጣራ ደግሞ ደጋግሞ ይጠጣል። ጨው ግን የለም። ያለው ጨው ሁሉ በየአራት ዓመቱ ከምድር በምትመጣ የጭነት መንኩራኩር የመጣ ነው። ስለዚህ ከተማዋ «ወንፊት» የምትለው ትልቅ ማጣሪያ አላት። ወንፊት ከመታጠቢያው፣ ከልብስ ማጠቢያውና ከሽንት ቤቱ የሚመጣውን ውሃ ሁሉ ተቀብሎ፣ ጨዉን አንዲት ቅንጣት ሳያስቀር ለቅሞ ወደ ወጥ ቤት ይመልሰዋል። የተረፈው ንጹሕ ውሃ ወደ ጓሮው ይሄዳል። ከጓሮው በር በላይ በትልቁ የተጻፈው ደንብም «ጨው ወደ አትክልት አይገባም» ይላል። ደንቡን ያወጡት የውሃ ክፍል ኃላፊው ኢንጂነር ዳምጠው ሲሆኑ፣ ማንም ተቃውሟቸው አያውቅም። ጨው ተክል እንደሚገድል የማያውቅ ማን አለ?

በጓሮው ውስጥ አሥራ ሁለት መደቦች አሉ፤ በሁሉም ላይ የተተከለው ቀይ ሥር ነው። ጥሩወርቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ቀና ያለችው ለእነሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበሩ። አዲሱ ወንፊት ከተተከለ ከስድስት ዓመት ወዲህ ግን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ በየዓመቱ እያነሱ መጥተው አሁን አንዱ የነጭ ሽንኩርት ራስ ቢያክል ነው። ብርሃኑን ቀያየረች፣ ዘሩን ቀያየረች፣ ብስባሹን አበዛች። ብቻዋን ስትሆን ትለምናቸዋለች፤ የባሰ ቀን ትሰድባቸዋለች። ጠብ ያለ ነገር የለም።

ባለፈው ስብሰባ የከተማው ሸንጎ ቁርጡን ነግሯታል። በአርባ ቀን ውስጥ፣ በሚዛን ቀን፣ የአንድ ቀይ ሥር አማካይ ክብደት ሦስት መቶ ግራም ካልሞላ ጓሮው ይዘጋና ቦታው ለአልጌ ገንዳ ይሰጣል። አልጌ በውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ሲሆን፣ የከተማዋ ሰው ጠዋት ጠዋት የሚበላው እሱን ነው። ሆድ ይሞላል፤ ከዚህ ሌላ ስለ እሱ የሚባል ደግ ነገር የለም። ኢንጂነር ዳምጠው በስብሰባው ላይ የተናገሩት በጥላቻ አልነበረም፤ ስድስት መቶ አፍ መመገብ እንዳለበት ብቻ አስረዱ። ለጥሩወርቅም አዲስ ሥራ ተዘጋጅቶላት ነበር፤ ገንዳ ማማሰል። እሷ ቤቷ እስክትገባ ጠብቃ አለቀሰች።

ዛሬም ጓንቷን አጥልቃ «ቅጠል አድማጭ»ዋን ከኪሷ አወጣች። ይህ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ቅጠል ላይ የሚነከስ፣ በቅጠሉ ጅማት ሽቅብ የሚወጣውን ውሃ ድምፅ ወደ ጆሮ የሚያመጣ ትንሽ መሣሪያ ነው። የተመቸው ተክል ውሃ ሲስብ ሾርባ የሚምግ ሽማግሌ ይመስላል። የከፋው ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የጥሩወርቅ መደቦች ከጠቅታ በቀር ሌላ ቋንቋ ካወሩ ቆይተዋል። ከአንደኛው እስከ ስምንተኛው መደብ እየሰማች፣ በልቧም እያዘነች መጣች።

ዘጠነኛው መደብ ላይ ስትደርስ ጆሮዋ ውስጥ አንድ ሰው ሾርባ ይምግ ጀመር።

መሣሪያው ተበላሸ ብላ ጉልበቷ ላይ መታ መታ አደረገችውና መልሳ ነከሰችው። ያው ነው። ሌላ ቅጠል ላይ አደረገችው። እንዲያውም ባሰበት። ከዚያ ነው ቅጠሎቹን ልብ ብላ ያየቻቸው፤ ወፍራም ናቸው፣ ቅቤ የተቀቡ ይመስል ያብለጨልጫሉ። አንዱን አንገቱን ይዛ ሳብ ስታደርገው አልወጣም አላት። ሁለት እጇን አስገብታ ጎተተችው። የወጣው ቀይ ሥር የጎልማሳ ቡጢ ያክላል። ጥሩወርቅ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀምጣ ብቻዋን ሳቀች። ስትስቅ ማንም አላየም እንጂ፣ ቢያይ ኖሮ ሐኪም ይጠራላት ነበር።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ከመደቡ ጥግ ላይ፣ ለራሷ ወጥ ብላ የተከለቻቸው ጥቂት ቦሎቄዎች ጠውልገዋል። የቅጠላቸው ዳር ዳሩ እሳት እንደነካው ወረቀት ቡኒ ሆኗል። እንዲህ ያለ ቃጠሎ በትምህርት ቤት በሥዕል አይታለች። ዙሪያዋን ቃኝታ ጓንቷን አወለቀች፤ ከአፈሩ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ አኖረችው።

ጨው ነው።

አሁን ምን ይደረግ? ነገሩ ከተሰማ በደንቡ መሠረት መደቡ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ያ ቡጢ የሚያክለው ቀይ ሥርም አብሮ። ዝም ካለች ደግሞ የከተማዋ ጨው ከየት እየፈሰሰ እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ጨው ደግሞ የስድስት መቶ ሰው ነው። ከዚህም ሌላ ጥሩወርቅ መዋሸት አትችልበትም፤ ስትሞክር ጆሮዋ ይቀላል። እናም ቧንቧ ሠራተኛውን ጋሽ ላሬቦን አስጠራችው።

ላሬቦ ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከአንድ የዋሻው ጫፍ እስከ ሌላው የሚሰማ ሰው ነው። እንደ ደንቡ ታጥቦ፣ ግንባሩን አስሮ፣ እያንጎራጎረ ገባ። ጥሩወርቅ ቧንቧውን አሳየችው። ቧንቧውን አየ፤ ቀጥሎ ግድግዳውን አየ፤ ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ። ማንጎራጎሩንም ተወ።

«ጥሩዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን አትቆጪኝ» አላት።

ከዚያ ተናዘዘ። ከሦስት ሳምንት በፊት የልጁ የአስናቀች ሠርግ ነበር። ሠርጉ በታችኛው አዳራሽ ሞቅ ብሎ ሳለ የአዳራሹ መታጠቢያ ቤት ቧንቧ ተደፈነ። የሙሽራ አባት ሱፉን እንደለበሰ በርከክ ብሎ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ብሎ ውሃውን በጎን ባለው ቧንቧ ለቀቀው። ያ ቧንቧ ወንፊትን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ጓሮው ዘጠነኛ መደብ የሚወርድ አሮጌ መስመር ነበር። ሊዘጋው ተነሥቶ ሳለ ከበሮ ተመታ። ሙሽራዋ ልጁ ናት፤ ከበሮ ሲመታ ደግሞ የላሬቦ ጆሮ ሌላ ነገር አይሰማም። ሠርጉ አለቀ ሲባል መልስ መጣ፣ መልሱ አለቀ ሲባል ቅልቅል መጣ። በአራተኛው ቀን ትዝ ሲለው ሮጦ ዘጋው፤ ያን ጊዜ ግን ሦስት ሙሉ ድግስ የጨፈረ ሰው ሁሉ ገላውንም ልብሱንም የታጠበበት ውሃ ወርዶ አልቋል። ለማንም አልተናገረም።

«ስንት ሰው ጨፈረ?» አለች ጥሩወርቅ።

«ያልጨፈረ ማን አለ ብለሽ ጠይቂኝ።»

ጥሩወርቅ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀይ ሥሩን በላብ ውሃ አጠጥተውታል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የተማረችው ነገር ከረሳችበት ተነሥቶ መጣ። የቀይ ሥር ዘመዶች በባሕር ዳርቻ የሚበቅሉ አረሞች ናቸው፤ ማዕበል ጨው እየረጨባቸው፣ አሸዋ ውስጥ ሥር ሰድደው የሚኖሩ። ሶዲየም፣ ማለትም ከጨው ሁለት ግማሾች አንዱ፣ ለእነሱ ምግብ ነው። በምድር ላይ ቀይ ሥር ያመርቱ የነበሩ ገበሬዎች ከፍግ ጋር ጨው ይነሰንሱ እንደነበር መምህሯ ነግሯታል፤ ፈተና ላይም መጥቶ በትክክል መልሳዋለች። ከዚያ ወደ ጨረቃ መጣች፤ ከበሩ በላይ የተጻፈውን አነበበች፤ ያወቀችውንም ረሳችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ጥርት ያለ ውሃ ሥሮቹን ሲያስርባቸው፣ እሷ ላቧን ታጥባ፣ ጓንት አጥልቃ፣ ምን ጎደላችሁ እያለች ትጠይቃቸው ነበር። መሳቅም ማልቀስም አማራት። ሳቁ ቀደመ።

ላሬቦም ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሯት ሳቀ።

ኢንጂነር ዳምጠውን ያገኟቸው ወንፊት ሥር፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነው። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ኮታቸውን በበጋም በክረምትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ጨረቃ ላይ በጋም ክረምትም የለም እንጂ። ላሬቦ ጉሮሮውን ጠርጎ ሁሉንም ሳይደብቅ ተናገረ። ኢንጂነሩ እስኪጨርስ ጠብቀው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አቶ ላሬቦ፣ ከሠርጉ ወዲህ ጨው ጎደለብኝ ብዬ ይህን ማሽን አራት ጊዜ ብሎን በብሎን ፈትቼዋለሁ» አሉ።

ላሬቦ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ጥሩወርቅ ግን ጊዜ ሳትሰጥ ያን ቡጢ የሚያክለውን ቀይ ሥር ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች፤ ከጎኑ ነጭ ሽንኩርት የሚያክለውን፤ ከእሱ ቀጥላ የተቃጠለውን ቦሎቄ። ኢንጂነሩ በቦሎቄው ጀመሩ፤ ጨው ተክል ይገድላል ያልኩት ይኸው አሉ። ቦሎቄውን ገድሎታል፣ ቀይ ሥሩን አሳድጎታል አለች እሷ። ስለ ባሕር ዳርቻው፣ ስለ ገበሬዎቹ፣ ስለ አዲሱ ወንፊትና ስለ ስድስቱ ዓመት ነገረቻቸው። ሁለቱም ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። በመጨረሻ ኢንጂነሩ ትልቁን ቀይ ሥር አንሥተው በእጃቸው መዘኑት፤ አስቀመጡት፤ እንደገና አነሡት።

ሙከራው ይፈቀድ አሉ። ግን ከወጥ ቤት አንድ ቁንጥር ጨው እንዳይነካ፤ የሰው ወጥ ለተክል አይሰጥም።

«ላብስ?» አለች ጥሩወርቅ።

ኢንጂነሩ የደንቡን መጽሐፍ ከመሳቢያ አውጥተው ገጽ በገጽ አገላበጡ። ስለ ላብ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ለካስ ያ ሁሉ መታጠብ፣ ያ ሁሉ ጓንት፣ ሰው በራሱ ያመጣው ልማድ ነበር። ደንብ አዋቂ ሰው በደንብ ሲያዝ ማምለጫ የለውም፤ ፈቀዱ።

ጥሩወርቅ ሒሳቡን ሠራች። ለአንድ መደብ ወደ መቶ ሃምሳ ግራም ጨው ያስፈልጋል፤ የቀሩት መደቦች አሥራ አንድ ናቸው። ከልቡ የጨፈረ ሰው ሁለት ግራም ጨው ያህል ከገላውና ከልብሱ ይታጠባል። ሦስት መቶ ሰው ሦስት ጊዜ ቢጨፍር ይበቃል። ይህን በአደባባይ ስታስረዳ ሕዝቡ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ሥራ የሆነው ሦስት መቶ ሰው ማግኘት ሳይሆን ስድስት መቶውን መቀነስ ነበር።

የመጀመሪያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ታችኛው አዳራሽ ጢም አለ። ላሬቦ መታጠቢያ ቤቱ መውጫ ላይ በውሃው ውስጥ ያለውን ጨው የሚለካ ቆጣሪ ገጠመ። ነገር የተበላሸው፣ ወይም ያማረው፣ በዚህ ቆጣሪ ነው። ጉራጊኛ ተጨፍሮ ሰው ሲታጠብ ቆጣሪው ሽቅብ ተተኮሰ። ወላይትኛ ቀጠለ፤ ወገቡ ሲሽከረከር የዋለው ሁሉ ላቡ እየተንጠባጠበ ሊታጠብ ገባ፤ ቆጣሪው ከጉራጊኛ በጥቂት ግራም አነሰ። የወላይታ ልጆች ሚዛኑ ይፈተሽልን አሉ። ጎጃምኛ የጨፈሩት ትከሻ ብቻ ላቡ ስንት ነው ተብለው ሲቀለድባቸው፣ እልህ ይዟቸው አንድ ሰዓት ሙሉ አላቋረጡም። ትግርኛ ክብ ሠርቶ በዝግታ ሲዞር «በዚህ አካሄድ ቀይ ሥሩ የሚደርሰው ለልጅ ልጆቻችን ነው» ያለ ነበር። ከበሮው መጨረሻ ላይ ሲፈጥን ግን ተናጋሪው አፉን ያዘ። በጨረቃ ላይ የሰው ክብደት በምድር ካለው አንድ ስድስተኛ ስለሆነ፣ ላሬቦ የከምባታ ዝላዩን ሲጀምር ጣሪያውን በራሱ መታው። ጣሪያው በስፖንጅ ተሸፍኖ ኖሮ ምንም አልሆነም፤ ከላይ ሲወርድም ዜማውን አልሳተም።

ኢንጂነር ዳምጠው እጃቸውን አጣምረው ቆጣሪው አጠገብ ቆመው ነበር። ቁጥሩን ለመቆጣጠር ብቻ እንደመጡ ለሚጠይቃቸውም ለማይጠይቃቸውም ይናገሩ ነበር።

ሁሉም ነገር ግን በጭፈራ አላለቀም። በነጋታው አራተኛው መደብ ከፋው። ሰው በስሜት ከልክ በላይ ስለጨፈረ ውሃው ከታሰበው በላይ ጨው ይዞ ወርዷል። ቅጠሎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ በአድማጩም ጠቅታው እንደ ዝናብ ይሰማ ነበር። ጥሩወርቅ ያን ዕለት ምሳ ሳትበላ በንጹሕ ውሃ ደጋግማ አጠበችው፤ ቀኑ ሊያልቅ ሲል ጠቅታው ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲህ ከጭፈራው የመጣውን ውሃ በበርሜል አቆይታ፣ በመጠን እየቀላቀለች፣ ለእያንዳንዱ መደብ በእጇ ማጠጣት ጀመረች። ቀይ ሥር ጨው ይወዳል፤ ልክ እንደ ሰው ግን ሲበዛበት ይጠላል። ይህን በማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

በሁለተኛው ዓርብ ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው መደብ ሾርባ መማግ ተጀመረ። በሦስተኛው ዓርብ አሥራ ሁለቱም ማጉ። ሰው ግን ዋጋ ከፍሏል፤ በላብ የወጣው ጨው መደቡ ላይ ስለቀረ ለወጥ ቤት የሚመለሰው አነሰ፤ ሽሮውም ምስሩም አልጫ ከመባልም አለፈ። ሰዉ አጉረመረመ፣ እያጉረመረመም በላ። አንድ ሰው እንኳ ጭፈራው ይቅር አላለም። በሥራ ምክንያት ተኳርፈው የነበሩ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ላይ ሲጨፍሩ ታዩ፤ ማን እንዳስታረቃቸው አልታወቀም። ኢንጂነር ዳምጠውም በሦስተኛው ዓርብ ከቆጣሪው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ግራ ትከሻቸው ብቻውን ሲነቃነቅ ጥሩወርቅ አይታ፣ እንዳላየች ሆነች።

የሚዛን ቀን ደረሰ። ሸንጎው ጓሮው ውስጥ ተሰበሰበ፤ ከበሩ ውጭ ያለው ሰው ደግሞ አንገቱን እያስረዘመ ይመለከት ነበር። ጥሩወርቅ ከየመደቡ አሥር አሥር ቀይ ሥር ነቀለች። እሷ ስትነቅል ሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠው ላሬቦ ሆነ። የመጀመሪያው መደብ ሦስት መቶ ዘጠና መጣ። ሁለተኛው አራት መቶ አሥር። አራተኛው፣ ያ ተጎድቶ የነበረው፣ ከተፈለገው አንሶ ሁለት መቶ ሰማንያ ሆነ። ዘጠነኛው ግን ስድስት መቶ ዘለለ። ኢንጂነሩ ደምረው፣ አካፍለው፣ ሌላ ሰው እንዲደምር ሰጥተው፣ በመጨረሻ ተነሡ። አማካዩ አራት መቶ አሥራ ሁለት ግራም ነው፤ ጓሮው አይዘጋም አሉ።

እልልታው ዋሻውን ሞላው። ጥሩወርቅ ማን እንዳቀፋትና ማንን እንዳቀፈች አታውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፤ ደስ ብሎኛል ብላም ላገኘችው ሁሉ ነገረች።

ቀይ ሥሩ ተቀቅሎ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ ተለውሶ በትላልቅ ሳህን ቀረበ። ጨው አልተጨመረበትም፤ ራሱ ይዞት መጥቷል። ኢንጂነር ዳምጠው አንድ ቁራሽ ጎረሱ፤ ማላመጣቸውን አቁመው ጥቂት አሰቡ።

«ከምድር ጨው ከመጣ አራት ዓመት ሊሆነው ነው» አሉ። «ያው ጨው ነው ከአንዱ ገላ ወጥቶ ወደ ሌላው ሆድ የሚገባው። እንግዲህ እዚህ ከተማ ላቡን ያልበላሁት ሰው የለም ማለት ነው።»

ሁለት የሸንጎ አባላት ሳህናቸውን ወደ ጎን ገፉ። ሌላው ሰው ግን እጁን አልሰበሰበም፤ እንዲያውም የማን ላብ ይበልጥ ይጣፍጣል የሚል ክርክር ተነሥቶ እስከ ማግስቱ ዘለቀ።

ከአሥር ቀን በኋላ የጭነት መንኩራኩሯ ደረሰች። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ከበሮው ተወጥሮ፣ ሰው በአዳራሹ ተሰብስቦ ሳለ ኢንጂነሩ አንድ ትልቅ ከረጢት በጋሪ እየገፉ ገቡ። ከምድር የተላከ ሃምሳ ኪሎ ጨው ነው፤ ለቀይ ሥር ማዳበሪያ ብለው የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። ለዓመታት እንደሚበቃና ከእንግዲህ ማንም ለጓሮው ሲል መድከም እንደማይኖርበት አበሠሩ። ደስታ የጠበቁ ይመስላል። እልል ያለ ግን የለም። ከበሮ መቺው መዳፉን ቆዳው ላይ ዘርግቶ ቀረ። ላሬቦ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ኢንጂነሩ ዙሪያቸውን አይተው ወደ ጥሩወርቅ ዞሩ።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ እንደ ባለሙያ ይመልሱልኝ። ቀይ ሥሩ የላብ ጨውን ከከረጢት ጨው ለይቶ ያውቃል?»

የሦስት መቶ ሰው ዓይን እሷ ላይ ተተከለ። አዎ ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ ዓርብ ይቀጥላል። ልትል ያሰበችውን ቃል ከንፈሮቿ አዘጋጁ፤ ጆሮዋ ሲቀላ ተሰማት።

«አያውቅም» አለች። «ለእሱ አንድ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው በረዥሙ ተነፈሰ። ጥሩወርቅ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ጓሮዋን ያዳኑላት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ደግሞ በአንድ ቃል ዓርባቸውን ወሰደችባቸው። ለካስ ሰው ከምድር አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አየሩን አምርቶ፣ ብርሃኑን አምርቶ፣ ለመደሰት ግን ሰበብ ይፈልጋል። ቀይ ሥሩ ሰበብ ሆኗቸው ነበር።

ኢንጂነር ዳምጠው ጋሪውን ወደ ወጥ ቤት አዙረው አቆሙት።

«ካላወቀ ጥሩ ነው» አሉ። «እሱ ካልለየው፣ ከረጢቱ ወጥ ቤት ቢገባ ምን ቸገረው?»

ማንም ወዲያው አልገባውም። መጀመሪያ የገባው ከበሮ መቺው ነው፤ ለጓሮው አሁንም ላብ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ መታ፤ ቆም ብሎ ኢንጂነሩን አየ፤ እሳቸው ኮታቸውን እያወለቁ ነበር። ከስሩ የለበሱት ሸሚዝ አረንጓዴ አበባ ያለበት መሆኑን ደብረ ጨረቃ ያን ቀን አወቀች። ኮቱን ለጥሩወርቅ አስያዟትና ወደ ክቡ ገቡ። እሷም ኮቱን ከረጢቱ ላይ ወርውራ ተከተለቻቸው።